እጅ ሲነሣ ማቆም

አዳማ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ በነርስነት የተቀጠርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ መሣሪያ መቀቀልና የታካሚ ምራቅ በማሽን መምጠጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ የሲኖትራክ ሾፌር መርፌውን ሲያይ፣ ደረቱ ላይ የታሰረለትን ፎጣ እንዳንጠለጠለ ሮጦ ወጣ። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሰውየው ከነሕመሙ ነው የሄደው።

በንግግር ብቻ ሰውን አረጋግቶ ሐሳቡን ከሚፈራው ነገር ስለሚያርቀው ሂፕኖሲስ ማወቅ የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ግን ፊልም ነበር። ሰውየው ሰዓት ያወዛውዛል፣ ጣቱን ያጮሃል፣ ሴትዮዋ ትዘረራለች። ቤቴ ገብቼ በልጄ ሞከርኩ። «ዓይንሽ ከብዷል፤ ተኚ» አልኳት። ወዲያው ጨፈነች። ሙያ የያዝኩ መሰለኝ፤ ለጎረቤትም አወራሁ።

ከርማ ከርማ ልጄ እናቷ ፊት አወጣችው። «አባዬ፣ አልተኛሁም እኮ። እንዳትቆጣኝ ነው የጨፈንኩት።»

ባለቤቴ ሳቀች። «እዚህ ቤት አንተ ጨፍኑ ብለህ ማን ዓይኑን ይገልጣል?»

አፈርኩ። ቁጡ አባት ነኝ፤ አልክድም። የልጄን ፍርሃት እንደ ሙያ ቆጥሬው ነበር።

መጻሕፍት ገዝቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በዚህ ሙያ የሠለጠነ የአእምሮ ሐኪም አጠገብ ቁጭ ብዬ እስክማር ድረስም በታካሚ ላይ አልሞከርኩም። እንደተማርኩት ታካሚው አይተኛም፤ ይሰማል፣ ይመልሳል። ሐሳቡ ከመርፌው ዞር ይላል እንጂ ማደንዘዣው አይቀርም።

የአዳሚ ቱሏ ሽንኩርት አምራችና ነጋዴ አዴ ፋጡማ ሲመጡ ጉንጫቸው አብጦ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ከወንበሩ ተነሥተው ሄደዋል። እብጠቱ ወደ አንገት እየወረደ ስለሆነ ሐኪሙ «ዛሬ ካልተነቀለ ያሰጋል» አለ።

«ልጄ በስልክ አሳይታኛለች» አሉኝ፣ በሂፕኖሲስ እንሞክር ስላቸው። «መድረክ ላይ ሽማግሌውን እንደ ዶሮ ሲያስጮኸው! አፍዝ አደንግዝ ነው። እኔ ደግሞ ስንት የሆድ ነገር ይዣለሁ!»

«ያልፈለጉትን አይናገሩም። በቃኝ ካሉ እጅዎን ያንሡ፤ እናቆማለን።»

«ጉጠቱ ጥርሴን ይዞም?»

«ይዞም ቢሆን።»

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን አረጋግተው፣ ማሳቸው ውስጥ ውኃው በየቦዩ ሲወርድ እንዲያዩ ነገርኳቸው። መርፌውን ሳይነቃነቁ ተወጉ። ሐኪሙ ቆይቶ ጥርሱን በጉጠት ሲይዝ እጃቸው ተነሣ።

«ያቁሙ ዶክተር» አልኩ።

«ደንዝዟል እኮ! አንዴ ብስበው ያልቃል።»

«ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።»

ጉጠቱን አውጥቶ ገላመጠኝ። ሴትዮዋ አሁን ተነሥተው ቢሄዱ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

አዴ ፋጡማ ዓይናቸውን ገልጠው ሁለታችንንም አዩን።

«አመመዎት?» አልኳቸው።

«ምንም» አሉ በደነዘዘ አፋቸው። «ታቆሙ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ቶሌ፣ እሺ፣ አሁን ንቀሉት።»

መልሰው ጨፈኑ። ጥርሱ ወጣ።

ከእኔ በኋላ ለምትሠሩ ነርሶች የምለው ይህን ነው። ታካሚ እጁን ካነሣ አቁሙ። ሐኪሙ ቢቆጣም አቁሙ። ይህን የማይችል ሰው ሂፕኖሲስ አይሥራ።