መርዶ የመሰለው የጠዋት እርምጃዬ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአስፋልቱ ዳር እየሮጡ አለፉኝ። ጠበብ ያለ ሱሪ ለብሰዋል፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተዋል፤ አንደኛዋ እንዲያውም ሩጫዋን ሳታቆም «እንደምን አደሩ» አለችኝ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሴቶች ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ባለ ዳቦ ቤቱ ምን እንዳሳቀኝ ቢጠይቀኝ «ማን ሞተ የሚል ሰው ጠፋ» አልኩት። ግራ እንደገባው ዳቦውን ሰጠኝ።

ነገሩ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከተማችን መካነ ሰላም ያኔ አስፋልት አልነበራትም፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ነበር። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ የምውል፣ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር የምጠጣ ነበርኩ። ሙላትን ካገባሁ ሦስት ዓመት ቢሞላኝም ልጅ አልወለድኩም። የወር አበባዬ በአራት በአምስት ወር አንዴ ብቅ ትልና ትጠፋለች። ቀሚሶቼ ሁሉ ጠበቡኝ። አገጬ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር ማንም ሳያይ በወረንጦ እነቅል ነበር፤ ይህንን ስጽፍ እንኳ እጄ ወደ አገጬ ይሄዳል።

አማቴ እማማ ጥሩ የሚኖሩት እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። ደግ ሴት ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ከሆዴ አይነቀልም። ጠበል ወሰዱኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ደግሞ ዱዓ አስደረጉልኝ። ሁለቱንም በደስታ ተቀበልኩ። በኋላ ግን እማማ ጥሩ ለልጃቸው ሌላ ሴት ማጠያየቅ ጀምረዋል የሚል ወሬ ደረሰኝ። ሙላት ወሬ ነው ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ባሌን እወደው ነበር፣ ፈራሁ።

ለሥራ ነው ብዬ ደሴ ሄድኩ። ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ የበሽታውን ስም ነገረኝ፤ ስለረዘመብኝ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ አልኩት። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም። ብዙ ሴቶች እንዳለባቸው፣ መካን ማለት እንዳልሆነ፣ እንቁላሉ በጊዜው ስለማይወጣ ወሩ እንደሚዛባ አስረዳኝ። መድኃኒት ካስፈለገ በኋላ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ግን ስኳሩን ቀንሺ፣ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለሽ ተራመጂ አለኝ። ስንት ነው ፈጠን ማለት ብዬ ብጠይቀው «እያወራሽ መሄድ የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የማትችይበት» አለኝ። በሦስት ወር ተመለሺ ብሎ አሰናበተኝ።

እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አውቶቡስ የተሳፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መድኃኒቴ እግሬ ላይ ነው! ወረኢሉ ላይ ለምሳ ስንወርድ ስኳር የሌለው ሻይ አዘዝኩ። አስተናጋጁ «እህት፣ ስኳር እኮ አላለቀብንም» አለኝ። ሬት ሬት እያለኝ ጨለጥኩት።

ለሙላት ብቻ ነገርኩ። ሌላ ሰው ከሰማ «በሽተኛ ናት» ይባላል፣ ከዚያ «መካን ናት»፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሴት ትመጣለች። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ እንደ አውድማ በሬ ዙሪያውን መዞር ጀመርኩ። እትዬ ዘይነባ በአጥር ላይ ብቅ ብለው ምን እንደጠፋኝ ጠየቁኝ። በማግስቱም ጠየቁኝ። ግቢው አላዋጣም፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ልወጣ ወሰንኩ።

ጥቅምት ነበር። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይሰብራል፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ቢጫ እየሆነ ነው። የስፖርት ልብስ የለኝም፤ ሱሪ ለብሼ ብወጣ ደግሞ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይገባል። እጄን እንደ ልቤ ላወናጭፍ ብዬ ነጠላዬን ጥለቱን ወደ አንገቴ አዙሬ ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሟች ዘመዱ የሆነው ሰው ከቤት ሳይወጣ ጎረቤት ቀድሞ መድረስ አለበት። ነጠላዋን ለለቅሶ አዙራ በጎሕ የምትቸኩል ሴት ያየ ሰው ታዲያ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ባለመርዶው ቢሰማስ? ዝም ብሎ ነጠላውን አዙሮ ይከተላል።

ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍኩ ዞር ስል እትዬ ዘይነባና ሌሎች ሦስት ሴቶች ከኋላዬ ናቸው። ሰላም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ትንሽ ሄጄ እንደገና ስዞር ዘጠኝ ሆነዋል፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዙረዋል፣ አንዲትም ቃል የለም።  አባቴ የሚኖሩት ደጎሎ ከተማ ነው፤ ከክረምት ጀምሮ ያማቸው ነበር። መርዶው የእኔ ነው፣ ሊነግሩኝ ነው የሚከተሉኝ አልኩ።

ሮጥኩ። ሮጡ። ብሸሽ መርዶው የማይደርስብኝ መስሎኝ ይሆናል፣ እንጃ። እነሱ ደግሞ የቸኮልኩት ቀብር ሊያልፍብን ስለሆነ መስሏቸዋል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ መንገዱ መሃል ዝርፍጥ አልኩ። «አባቴ ናቸው? ንገሩኝ» ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ ደረስ ሲሉ፣ የአባቴን ሞት እኔ የነገርኳቸው መስሏቸው ዋይታውን አቀለጡት። እኔም ይኸው እውነት ነው ብዬ ባሰብኝ።

ያስቆሙን እትዬ ዘይነባ ናቸው። ልቅሷቸውን ገታ አድርገው «አስካለ፣ አፈር ስሆን፣ ማን ነው የነገረሽ?» አሉኝ።

«እናንተ ናችሁ እንጂ!»

«እኛማ አንቺን ተከትለን ነው የመጣን።»

 አንድ በአንድ ፊታቸውን ጠረጉ። ታዲያ ወዴት ነበር የምትሄጂው አሉኝ። ውሸት ፈለግሁ፤ እያለከለክሁ ስለነበር አንድም አልመጣልኝ አለ። ስፖርት ነው፣ ሐኪም አዞኝ ነው አልኩ። ለምን ሲሉኝ እንደ ምንም ተናገርኩት፤ የወር አበባዬ አይመጣም፣ እንዲመጣ ነው የምሄደው፣ ለመውለድ ነው የምሮጠው። ቀና ስል እማማ ጥሩ ከሴቶቹ ኋላ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ለካ እሳቸውም ነጠላ አይተው ተከትለው ኖሯል። ሁሉንም ሰምተዋል።

መጥተው አጠገቤ አቧራው ላይ ተቀመጡ። 

«እኔ እኮ መውለድ አልፈልግም ብለሽ ተደብቀሽ ኪኒን የምትውጪ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስቀየምሽ ኖሬያለሁ።»

 እትዬ ዘይነባ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አብሽሪ» አሉና ስንት ደቂቃ ነው የታዘዝሽው ብለው ጠየቁኝ። ግማሽ ሰዓት ስላቸው ፀሐይዋን አዩ። ገና እንደሆነ ነገሩኝ። እማማ ጥሩ ክንዴን ይዘው «ተነሺ፣ ላብሽ ሳይደርቅ» አሉ፤ ሁላችንም ዳገቱን ጨረስነው።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን የተዉኝ ቀን የለም። ሰባትም ስምንትም ሆነን እንወጣ ነበር። የሐኪሙን መለኪያ ስነግራቸው እትዬ ዘይነባ መንዙማ ይሞክራሉ፤ ድምፃቸው ሳይቆራረጥ ከወጣ ቀስ ብለናል ማለት ነው፣ እንጨምራለን። ስንመለስ ከማሳ ዳር የባቄላ እሸት እየፈለፈልን እንበላለን። ወሬያችንም አደባባይ የማይወጣ ነበር። ለካ የወር አበባ ያስቸገራት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ሁለቱ በሚቀጥለው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሙላት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ በነጠላዬ ይቀልድብኝ ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ እዚያው ዳገት ላይ፣ የወር አበባዬ መጣች። በኅዳርም መጥታ ነበር፤ ይቺ ሁለተኛዋ ነበረች፣ በሰላሳ አንድ ቀኗ! ለእማማ ጥሩ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸው ምስጢር ብሎ ነገር አያውቁም፤ እልል አሉ፣ ሁሉም ተቀበሏቸው። ለወር አበባ እልል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ።

ልጅ ወዲያው አልመጣም። ሐኪሙ መድኃኒት ጨመረልኝ፣ ሁለት ዓመትም ጠበቅን፣ ከዚያ ቅድስት ተወለደች። በሽታው ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ መራመድ ስተው ወሩ ይዛባ ነበር፣ ስጀምር ይስተካከላል። ስለዚህ እስከ ዛሬ እራመዳለሁ።

ቅድስት አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትናንት ቁርስ ላይ፣ አባቷም አያቷም ባሉበት፣ እንጀራዋን እየጠቀለለች «እማዬ፣ የወር አበባዬ ከቀረ ሦስት ወሩ ነው፤ መቼ ነው ሐኪም ዘንድ የምንሄደው?» አለችኝ። ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። እኔ በልማዴ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ወደ በሩ ዞር አልኩ። እማማ ጥሩ ለዳገቱ የሚያደርጉትን ጫማ እየፈለጉ ነበር።