የእትዬ ብርቄ ከንፈር

ትናንት ጠዋት ሱኩማ እየከተፍኩ ነበር። እዚህ ናይሮቢ ጎመኑን ሱኩማ ነው የሚሉት። ቀጠን አድርገው ካልከተፉት አይጥምም። ዓይኔ ቢደክምም እጄ አልደከመም፣ መስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ እከትፋለሁ። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሶስና ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስታሾፍብኝ ሾሾ ትለኛለች፤ እዚህ አገር አያትን እንደዚያ ነው የሚሏት።

ሐምሌ ስለሆነ ሰፈራችን ካሳራኒ ብርድ ነው። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። ሶስና ቫዝሊን ይዛ መጣችና "ሾሾ፣ ተቀቢ እንጂ፣ ሊደማ ነው" አለችኝ። "ተይው" አልኳት።

ለምን ተይው እንዳልኩ እኔ አውቃለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጦም ጸሎት ታውጇል፤ ከሰዓት በኋላ እህቶች ተሰብስበው ይጸልያሉ። ከንፈሬን እንዲያዩልኝ ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እኔ እኮ አልጦምኩም። ስኳር አለብኝ፣ ኪኒኑን በባዶ ሆድ እንዳልውጥ ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል። ጠዋት ሶስና ኡጂ አፍልታ፣ አጥሚቱን ማለቴ ነው፣ በትልቁ ኩባያ ሰጥታኝ ጥርግ አድርጌ ጠጥቻለሁ። ሽማግሌዎቹም የታመመና የምታጠባ አይጡም ብለዋል። ማንም አላስገደደኝም። ግን "አልጦምኩም" የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ሶስና "ይሄንንም ልጻፈው?" እያለችኝ ነው። ጻፊው።

በሩ ተንኳኳ። ሄለን ናት፣ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው። ልጅ እግር ናት፣ የአራት ወር ልጅ ታጠባለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋባት ሰንብቷል፤ የምትጦመውም ለሱ ነው። ልጁ ደረቷ ላይ ያለቅሳል፣ ለቅሶው ደክሟል።

"እማማ፣ ወተቴ እኮ ሸሸኝ" አለችኝ። "ሌሊቱን ሲጠባ አድሮ አልጠገበም። ጦሙን ልግደፈው ብዬ ነበር። ከዚያ እርስዎን አሰብኩ። ይኸው ከንፈርዎ ተሰነጣጥቆ፣ በዚህ ዕድሜዎ እርስዎ ሲጦሙ እኔ ልብላ? አፈርኩ።"

እኔ ምን አልኳት? "ጌታ ያበርታሽ፣ ልጄ" አልኳት። እግሯ ደረጃውን ሲወጣ እሰማለሁ፣ የልጁም ድምፅ አብሮ ይወጣል። ሶስና ያቺን የኡጂ ኩባያ እያጠበች ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። እጇን አደራረቀችና የቫዝሊኑን ክዳን ከፍታ መክተፊያው ላይ፣ ጎመኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ያ ወዙ ነው እትዬ ብርቄን ይዞብኝ የመጣው።

ልጅ ሆኜ ዲላ ነበርን። ጓሯችን ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረች፤ እናቴ ለእትዬ ብርቄ አከራይታት ነበር። ፈትል ፈትላ የምትሸጥ፣ ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ቤቷ ጥጥ ጥጥ ይሸታል፤ ቀና ብለው ካዩ አየሩ ላይ እንኳ ጥጥ ይበራል። እኔ ከሷ ቤት አልጠፋም። እንዝርቷ ሲሾር ዝም ብዬ ማየት እወድ ነበር። ቅልልቦሽ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ አምስት ጠጠር መርጣ ሰጥታኝ፣ ስጥል እየሳቀች "እጅሽ ቅቤ ነው እንዴ?" ትለኝ ነበር።

እናቴ ጦመኛ ናት። በሁዳዴ ፊቷ ይገረጣል፣ ከንፈሯ ነጭ ይሆናል። የሰፈሩ ሴቶችም እንደዚያው ናቸው። ቦኖ ውሃ ሊቀዱ ሲሰለፉ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ "ኧረ እትዬ፣ ዘንድሮስ ጦሙ ጎድቶሻል" ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። በኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ደስታው እኮ ፊት ላይ ይታይ ነበር። እኛ ልጆቹም እቃ እቃ ስንጫወት ከንፈራችን ላይ ዱቄት ነስንሰን "ጦመኛ ጦመኛ" እንጫወት ነበር። ማን ነው የነጣው እንባባላለን። አብልጦ የነጣ እማወራ ይሆናል።

የእትዬ ብርቄ ከንፈር ግን ሁዳዴም ሆነ ፍስክ ይወዛል። ፊቷ ታጥቦ፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ ከንፈሯ እያብረቀረቀ ነው ቦኖ የምትሄደው። ሴቶቹ አይተው ዝም አላሉም። "ቅቤ ነው" አሉ። "ጠዋት በቅቤ ፈትፍታ በልታ ነው የምትመጣው።" ልጆቹ ደግሞ ከኋላዋ እየሄዱ "ብርቄ ብርቄ፣ የት አለ ሞሰቡ፣ ከንፈርሽ ነገረን መብላት መጥገቡ" እያሉ ይዘፍኑባታል። እሷ እንስራዋን ተሸክማ ትሄዳለች። አንድ ቀን ብቻ ዞር ብላ "ዜማው ጥሩ ነው፣ ቤትም ይመታል፣ ጭብጨባ ብቻ ይቀረዋል" አለቻቸው።

ነገሩ እናቴ ላይ መጣ። "ጦም ገዳፊ ግቢሽ አስቀምጠሽ አንቺ የምትጦሚው ምን ሊረባሽ ነው?" አሏት። እናቴ ስሟን የምትወድ ሰው ናት። እንቅልፍ አጣች። አንድ ጠዋት ጠራችኝና "እትዬ ብርቄ ጋ ዋዪ። ምን እንደምትበላ እይና ንገሪኝ" አለችኝ።

ዋልኩ። ስትፈትል ዋለች። እኔ የያዝኩትን ቆሎ ስበላ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ አፏ አላደረገችም፣ ውሃም አልቀመሰችም። ቀኑ ሲገፋ ግንባሯን በእጇ ደገፍ ታደርጋለች፣ መልሳ እንዝርቱን ታሾራለች። ቦኖ መሄጃዋ ሲደርስ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ ከጥግ ትንሽዬ ብልቃጥ አወጣች። የጉሎ ዘይት ናት፤ ጉሎ እኮ ምጣድ የሚታሰስበት ነው፣ ማንም አይበላውም። ጣቷን ነክራ ከንፈሯን ቀባችው። በቃ አብረቀረቀ።

"ለምን ይቀባሉ?" አልኳት።

"የጦምኩት ለላይኛው ነው፣ እሱ ያውቀዋል" አለችኝ። "ቦኖ ላይ ለተሰለፈው ምን አደርግለታለሁ? ግን እንዳትነግሪ፣ እሺ የኔ ልጅ? ከተነገረማ ምኑን ጦምኩት።"

"እሺ" አልኩ። እማዬ ትሙት ብዬ ማልኩላት።

ማታ እናቴ ያዘችኝ። "እሺ፣ ምን በላች?" የቅልልቦሽ ጠጠሬን መቁጠር ያዝኩ። "ንገሪኝ እንጂ፣ ምን አየሽ?" እኔ ውሸት አላውቅም፣ መሐላም አላፈርስ። "አትንገሪ ብላኛለች" አልኳት።

የእናቴ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ለሷ በቃ፣ ያ ነው መልሱ። አትንገሪ ማለት በላሁ ማለት ሆነላት። በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ሄዳ "ቤቱን ፈልጌዋለሁ፣ ልቀቂልኝ" አለቻት። እትዬ ብርቄ አልተከራከረችም። አፏን ከፍታ አንዲት ቃል ብትናገር፣ ያቺን ብልቃጥ አውጥታ ብታሳይ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። "እሺ እትዬ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ" ብቻ አለች።

ጥጧንና እንዝርቷን በነጠላ ቋጠረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። አጠገቤ ቁጢጥ አለች። በአቧራው ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ነበር። "እንዲህ ሆኖ ሲለቀስማ ይቆጠቁጣል" አለችና ብልቃጧን ከጉያዋ አውጥታ ከንፈሬን ቀባችልኝ። ከዚያ ቋጠሮዋን ተሸክማ ወጣች። ከጀርባዋ ጥጥ ተጣብቆባት ነበር፣ እሱ ነው ዓይኔ ላይ የቀረው።

ገብቼ እናቴ ስታየኝ "ነይ እስቲ! ምን አበላችሽ?" ብላ ሳበችኝ። ከንፈሬን በጣቷ ጠረገችና ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ቅቤ ነበር የጠበቀችው። ደግማ አሸተተችው።

"ጉሎ ነው" አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ቀስ ብላ "ሁልጊዜ ይሄን ነው የምትቀባው?" አለችኝ።

"አትንገሪ ብላኛለች" አልኳት።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ምጣድ ተጥዶ ነበር፣ አረረ፣ አልተነሳችም። ከዚያ ነጠላዋን ደረብ አድርጋ እየሮጠች ወጣች። መኪና መናኸሪያው ድረስ ሄዳ ፈልጋት አጣቻት። በጭነት መኪና ወደ ቆላ ወረደች አሏት። ወሬዋንም ከዚያ ወዲያ አልሰማንም። እናቴ ስለዚያ ነገር እስክትሞት አላወራችም። ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ በሁዳዴ ቦኖ ስትሄድ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትሸፍን ነበር። ጦሙ ሳይሆን ከንፈሯ ያሳፍራት ነበር መሰለኝ።

ያቺ ልጅ ነኝ እንግዲህ እኔ። ያንን አሽትቼ፣ ያንን በከንፈሬ ቀምሼ ያደግኩት ሴት። ዘመኑ ተለውጧል፤ ዲላ ቀርቶ ናይሮቢ ሆኗል፣ የአባቶቼ ቤተ ክርስቲያን ቀርቶ የልጄ ሆኗል፣ ቦኖው ቀርቶ ውሃው ቤት ድረስ ይመጣል። እኔ ግን ያ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። እነዚያ ሴቶች ቢያንስ ጦመው ነው ያሳዩት። እትዬ ብርቄ ጦማ የበላች መሰለች። እኔ በልቼ የጦምኩ መሰልኩ፣ እንደ ልጅነቴ ዱቄት ነስንሼ። ልዩነቱ፣ ያኔ ጨዋታ ነበር። ዛሬ ደግሞ ፎቅ ላይ የሚጠባ ልጅ ይራባል።

ጣቴን ቫዝሊኑ ውስጥ ነከርኩና ከንፈሬን ቀባሁት። ሶስና ክንዴን ልትይዘኝ መጣች፣ "ራሴ እወጣለሁ" አልኳት። ጉልበቴ እያቃሰተ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ደረጃውን ወጣሁ። ሄለን በሩን ስትከፍት ልጁ አሁንም ያለቅሳል። መቀመጫ ልታመጣልኝ ስትል "ቆይ፣ ቆሜ ልናገር" አልኳት።

"ልጄ፣ እኔ አልጦምኩም። ዛሬም ትናንትም አልጦምኩም። ጠዋት አንድ ኩባያ ኡጂ ጠጥቻለሁ። ከንፈሬን የሰነጠቀው ብርዱ ነው፣ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ተውኩት። እንዲታይልኝ ብዬ።"

ፊቴ ነደደ። በዚህ ሽበቴ፣ ልጄ ከምትሆን ሴት ፊት፣ መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ። ሄለን ከንፈሬን አየችው፣ ከዚያ ዓይኔን። ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ልጁን ከደረቷ አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"በሉ እንግዲያው ይያዙልኝ፣ እማማ" አለችኝ። "ልብላ።"