በጭኑ ውስጥ የቀረው ብረት

አቻምየለሽ ባሏን ዳኜን ያገኘችው ኬንያ ውስጥ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ፣ የውኃ ሰልፍ ላይ ነው። ደርግ ሲወድቅ እሷ ሞያሌ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ሆቴል ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ሰው ሲሸሽ አብራ ድንበሩን ተሻገረች። እሱ የጭነት መኪና ረዳት እንደነበረ ነገራት። ግራ ጭኑ ላይ ያለውን ጠባሳም መኪና ተገልብጦ ነው አላት፤ አመነችው። ካምፑ ሲዘጋ ወደ አገር አልተመለሱም። ኬንያ ሞያሌ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ እሱ ጎሚስታ ቤት ከፈተ፤ እሷ ሰልባጅ ልብስ መሸጥ ያዘች። አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ቃልኪዳን አሏት።

ስለ ወንድሟ ስለ ክፍሌ ብዙ ጊዜ አጫውታዋለች። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ገበያ በግ ሊሸጥ ወጥቶ የደርግ ወታደሮች አፍሰው ወደ ጦር ሜዳ ወሰዱት፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያው ቀረ። ይህን ስታነሳ ዳኜ አንገቱን ደፍቶ ይሰማና ሹልክ ብሎ ወደ ጎማው ይሄዳል። ኀዘኗ ከብዶት ይመስላት ነበር።

በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ ላይ ዳኜ ጎማ እየነፋ ሳለ ቀኝ እጁ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ከዚያም ተዘርሮ አረፋ ደፈቀ። በሳምንቱ ደገመው። ማርሳቢት ሆስፒታል ወስደውት በሲቲ ስካን ሲታይ አንጎሉ ውስጥ በግራ በኩል እንደ ቀለበት የከበበ ነገር ተገኘ። ሐኪሙ አልዋሻቸውም። ዕጢም ሊሆን ይችላል፣ የቲቢ ቁስልም ሊሆን ይችላል፣ በፎቶው ሁለቱ ይመሳሰላሉ አላቸው። በአካባቢው ቲቢ ስለሚበዛ በሱ እንጀምር ብሎ ክኒን አዘዘ። አቻምየለሽ ቲቢ እንዲሆንላት ተሳለች። ሰው ቲቢ ይሁንልኝ ብሎ ሲሳል ሰምታ አታውቅም።

በሦስት ወሩ ዳኜ የጎማ ብሎን መፍታት አቃተው፤ ምላሱም ተሳሰረ። ናይሮቢ ሂዱ ተባሉ። እዚያ ኤምአርአይ የሚባለው ማሽን ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን፣ ራስ ቅል ሳይከፈት፣ በሽታው የያዘውን ንጥረ ነገር ጭምር ለክቶ ይለያል ተባለ።

የማሽን ክፍሉ ባለሙያ ጄምስ የሚባል ትሑት ሰው ነበር። ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ከመግባቱ በፊት በስዋሂሊ ጥያቄዎች አነበበላቸው። የዳኜ ምላስ ከባድ ስለሆነ መላሿ እሷ ነበረች። የልብ መሣሪያ? የለም። ቀዶ ጥገና? የለም። በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ? ባሏን ሳትጠይቅ የለም አለች።

«አለ» አለ ዳኜ በአማርኛ።

ዞር ብላ አየችው።

«ጭኔ ውስጥ። የመኪና አይደለም፤ የቦምብ ነው። ወታደር ነበርኩ፣ አቻሜ።»

ጄምስ ምን እንዳለ ይነገረኝ ብሎ ይጠብቃል። ቃል በቃል ተረጎመችለት። ራጅ አስነስተው ብረቱን አገኙት፤ ከትልልቅ የደም ሥር ርቆ ሥጋ ውስጥ ተቀብሯል። የክፍሉ ሐኪም አይታ ፈቀደች፤ ጭኑ ውስጥ ሙቀት ወይም መሳብ ከተሰማው ወዲያው እንዲናገር አስጠንቅቀው አስገቡት። አቻምየለሽ የማሽኑን ኳኳታ በግድግዳው በኩል እየሰማች አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ተቀመጠች። ሃያ አራት ዓመት አብራው የተኛችውን ሰው አላውቀውም ማለት ነው፣ አለች በልቧ።

በማግስቱ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር አሳየቻቸው። በቲቢ ቁስል ውስጥ የስብ ምልክት ጎልቶ ይወጣል አለች፤ እዚህ ግን ከፍ ብሎ የወጣው ሴል ሲባዛ የሚጨምረው ምልክት ነው፤ ጤነኛ የአንጎል ሴል የሚሰጠው ምልክት ደግሞ ሊጠፋ ደርሷል። ማሽንም ሊሳሳት ይችላል፣ ሌላው ምርመራ ሁሉ ግን የሚለው ይህንኑ ነው። ክፉ ዕጢ ነው። ንግግር የሚያዝበት ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ቢላዋ ማስገባት ያሰጋል። ጨረር ወራት ይጨምር ይሆናል። ዳኜ አልፈልግም፣ ቤቴ ውሰዱኝ አለ። የቲቢው ክኒን ቆመ፤ የሚጥለውን የሚያስታግስና የአንጎሉን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ተሰጠው።

ወደ ሞያሌ ሲመለሱ አውቶቡሱ ኢሲዮሎ ከተማን አለፈ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ጠየቀችው፦

«አንተም ታፍስ ነበር?»

«አዎ።»

«ሐይቅስ?»

«ወሎ ውስጥ ብዙ ገበያ ከበናል።» ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ነበር የሚያወጣው። «ስም አንጠይቅም ነበር።»

ሞያሌ ሲደርሱ ለቃልኪዳን የነገረቻት የበሽታውን ብቻ ነው። አገላብጣ አጠበችው፣ ገንፎ በማንኪያ አጎረሰችው፣ ሲጥለው ራሱን ደግፋ ያዘችለት። አንዳንድ ቀን ከወገቡ በታች ስታጥበው እጇ ጭኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ውጭ ወጥታ ቆይታ ትመለሳለች። ይቅር በይኝ እንዳይላት አንደበቱ ተዘግቷል። እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። በኅዳር፣ ጠዋት፣ ቃልኪዳን ውኃ ልትቀዳ በወጣችበት ሞተ።

ለቅሶ ላይ ጎረቤታቸው ጉዮ፣ የቲቢውን መድኃኒት ባያስቆሙት ይድን ነበር ብሎ ተናገረ። አቻምየለሽ ቀና አለች።

«አይድንም ነበር፣ ጉዮ። ቲቢ አልነበረም፤ ዕጢ ነው፤ ለክተው አሳይተውኛል። ሐኪሞቹን አትማብኝ።»

ጭኑ ውስጥ ስለነበረው ብረት ግን ማንም አልጠየቃትም። ነጠላዋን አስተካክላ ከጎረቤት መንደር ከኦዳ የመጡትን ለቀስተኞች ልትቀበል ተነሣች።