አባቴ ዕድሜውን የካደበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሶዶ ላይ፣ በቴኒስ ሜዳ፣ መቶ በሚሆን ሰው ፊት። የእኔ እኩዮች ልጅነታቸውን ሲያነሡ ብይውን፣ ሰኞ ማክሰኞውን፣ የትምህርት ቤቱን ደወል ያወራሉ። እኔም ጨዋታው አልጎደለብኝም። ግን ልጅነት በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ቅዳሜ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝም እሱን ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሜዳው ከአንድ አሮጌ ክበብ ጀርባ ያለ ቀይ አፈር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አባባ ውኃ ይረጭበታል፣ ሲሚንቶ የተሞላ በርሜል እያንከባለለ ይዳምጠዋል፣ ከዚያ እኔና እሱ ሲባጎ ወጥረን መስመሩን በኖራ እናሰምራለን። መረቡ ከአባያ ዓሣ አጥማጆች የተገዛ ስለነበር ዝናብ ሲነካው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ኳሱን ከአዲስ አበባ የሚያመጣልን ጋሽ ሸምሱ ነው። ጋሽ ሸምሱ ገበያው ዳር ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ ስልጤ ነበር፤ ጉልበቱ እስኪታመም ከአባባ ጋር ይጫወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዳኛ ሆነ። አዲስ የኳስ ጣሳ ሲከፍት «ፍስስ» ይልና የጎማ ሽታ ይወጣል። ያንን ሽታ ለመሳብ አፍንጫዬን እስክደፋ ድረስ ጣሳውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

አባባ ሒሳብ አስተማሪ ነው። ከተማው መምህር ማርቆስ ይለዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነበር፤ እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ቃሉን የሚያነበው እሱ ነው። ቤታችን ውስጥ ውሸት ከስርቆት የባሰ ነበር። ወንድሜ አንድ ቀን ያልሠራውን የቤት ሥራ ሠራሁ ስላለ ሳምንት ሙሉ አባባ አላናገረውም። ሲጫወትም እንደዚያው ነው። የተጋጣሚው ኳስ መስመር ነክታ ዳኛው ሳያያት ቢቀር፣ «ገብታለች» ብሎ ነጥቡን ለሰውየው ይሰጣል። እኔን ሲያስተምረኝ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «አትቸኩይ፣ ኳሷ ትምጣልሽ።»

ወላይታ ለብቻዋ ዞን በሆነችበት ሰሞን ከክልል ደብዳቤ መጣ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆኑ አማተር ተጫዋቾች አዋሳ ላይ የቴኒስ ውድድር ይደረጋል፣ ከየዞኑ አንድ ሰው ይላክ የሚል ነው። ሶዶ ላይ ስምንት ሰዎች ተመዘገቡ። አስተማሪዎች፣ አንድ ነርስ፣ ነጋዴዎች፣ አንድ ከገሱባ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ የሚመጣ የግብርና ሠራተኛ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሆዳቸው የወጣ ሰዎች ከሥራ መልስ እየሮጡ ሲለማመዱ የከተማው ሰው እየሳቀ ያያቸው ነበር። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ሳቁ ቀረ፤ ሰው ወንበር ይዞ መምጣት ጀመረ። ለአሸናፊው የዞኑ ስም የተጻፈበት ቱታ ተሰፍቶ ነበር። አባባ እንደዚያ ሰሞን ሲደሰት አይቼው አላውቅም። እናቴ ቦዬ ቀቅላ በዳጣ ስታቀርብለት እየበላ የተጋጣሚዎቹን ድክመት ይነግረን ነበር።

ለፍጻሜ የደረሱት እሱና አቶ ታደለ ናቸው። አቶ ታደለ የመምህራን ፋይል በእጁ የሚያልፍ የአስተዳደር ኃላፊ ነበር። ከአባባ ጋር ገሱባ አካባቢ አብረው አድገዋል፤ አንደኛ ክፍል የገቡት በአንድ ቀን ነው፣ የተቀመጡትም በአንድ ወንበር። ያንን ቀን አባባ ስንት ጊዜ ነግሮናል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሁለቱም አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። መዝጋቢው ትልልቅ ልጆች አልቀበልም ሲል፣ አባቶቻቸው ተማክረው «ሰባት ብለህ ጻፍ» አሉት፤ ሰባት ብሎ ጻፈ። ያ ሰባት ሳይለወጥ እስከ ሥራ ፋይላቸው ድረስ ተከተላቸው። በአገራችን ስንቱ እንዲህ ነው።

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነበር። ዳሞታ ተራራ ጫፍ ላይ ደመና ነበር፤ ዝናቡ ግን አልወረደም። አቶ ታደለ ኃይለኛ ነው፣ ሲመታ ያቃስታል። አባባ ግን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየላከ አደከመው። የመጀመሪያውን ስድስት ለአራት፣ ሁለተኛውን ስድስት ለሦስት አሸነፈ። እናቴ እልል አለች። ጋሽ ሸምሱ ከዳኛ ወንበሩ ወርዶ አባባን አቀፈው። እኔ ቱታው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ነበር የማየው፤ አረንጓዴ መስመር አለው።

ያኔ አቶ ታደለ ላቡን እየጠረገ ሄዶ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁላችንም የምናወራው በወላይትኛ ነበር። እሱ በአማርኛ ጀመረ። ከልጅነቱ ጀምሮ «አንተ» ሲለው የኖረውን ሰውም «እርስዎ» አለው።

«መምህር፣ በፋይልዎ መሠረት ዕድሜዎ አርባ ሰባት ነው። ውድድሩ ከሃምሳ በላይ ስለሆነ አዋሳ ሊሄዱ አይችሉም።»

ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ይዞት ነበር የመጣው። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ቢያሸንፍ ኖሮ አያወጣውም ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ተቆጣ። «እኔ የዳኘሁት ኳስ ነው እንጂ ፋይል አይደለም። ለመሆኑ የእርስዎስ ፋይል ስንት ይላል?»

«የእኔ ፋይል አዲስ አበባ ነው» አለ አቶ ታደለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ፤ የሱ ሠራተኞች ናቸው።

አባባ ራኬቱን ይዞ ቆሟል። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ለባላጋራው ነጥብ የሚሰጥ ሰው ለራሱ እውነቱን እንዴት ይተዋል? መታገሥ ሲያቅተኝ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

«አባባ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው» አልኩ። «አብራችሁ ነው የተማራችሁት። እርስዎም ያውቃሉ።»

አቶ ታደለ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ወደ አባባ ዞረ። «ልጅቱ እውነቷን ከሆነማ ጥሩ ነው። ሰኞ ቢሮ ይምጡና ዕድሜዎን እናስተካክላለን። ይፈርማሉ፣ ከዚያ አዋሳ ይሄዳሉ።»

ትልልቁ ሰው ሁሉ ገብቶታል፤ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ጡረታ ያኔ በሃምሳ አምስት ነበር። አባባ ሃምሳ ሁለት ነኝ ብሎ ከፈረመ የሚቀረው ሦስት ዓመት ነው፤ አርባ ሰባት ከሆነ ግን ስምንት። ቤታችን ውስጥ አራት ልጆች ነበርን፤ ከሁሉም ትልቁ ወንድሜ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው።

አባባ እኔን አላየኝም። «ልጅ ናት፣ አታውቅም» አለ በአማርኛ። «አርባ ሰባት ነኝ።»

ቱታውን አቶ ታደለ ወሰደ። ጋሽ ሸምሱ የዳኛ ፊሽካውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ለዳኝነት አልተመለሰም። እኛ በእግራችን ወደ ቤት ስንሄድ እኔ ሆን ብዬ ከኋላ ቀረሁ። እናቴ ማታ ምግብ ስታቀርብ አልበላም አልኩ። ከውሸታም ጋር አልበላም ማለቴ ነበር፤ አባባም ገብቶታል። እንደ ወንድሜ አልቀጣኝም። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ከማዕዱ ተነሣ።

በማግሥቱ እሑድ መድረክ ላይ አልወጣም። ለሽማግሌዎቹ በሰው ፊት መዋሸቱን ራሱ ነግሯቸው ኖሯል። ይቅር ብለውታል፣ እሱ ግን ከአገልግሎት አሳርፉኝ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ዘግይተው ከሚመጡ ሰዎች ጋር ተቀመጠ። አቶ ታደለ አዋሳ ሄዶ በመጀመሪያው ግጥሚያ ስድስት ለዜሮ፣ ስድስት ለዜሮ ተሸንፎ ተመለሰ። ቱታውን ግን ዓመት በዓል ሲሆን፣ ገበያ ሲወጣ፣ ስብሰባ ሲኖር ይለብሰው ነበር። ያ አረንጓዴ መስመር ከሩቅ ሲታየኝ መንገድ እለውጣለሁ። አንድ ቀን በር ላይ አግኝቶኝ «ሳሮ፣ የመምህር ልጅ» አለኝ። ሳልመልስለት አለፍኩ። እናቴ ለትልቅ ሰው ሰላምታ አትነሺም ብላ ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫውን ወድጄ ተቀበልኩ።

አባባ ዳግም ውድድር አልገባም። እኔን ማስተማሩን ግን አልተወም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳውን ይረጫል፣ መስመሩን እናሰምራለን። ለረጅም ጊዜ ከሱ ጋር የምጫወተው እንደተናደድኩ ነበር፤ ኳሷን በሱ ላይ እመታለሁ፣ እሱ ቀስ አድርጎ ይመልስልኛል። ለምን እንደዋሸ የነገረኝ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት ነው። መናኸሪያ ሻንጣዬን ጣራ ላይ እያስጫነ፣ «ያን ቀን ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ይሄን አውቶቡስ አትሳፈሪም ነበር» አለ። አውቶቡሱ ቦዲቲ እስኪደርስ አለቀስኩ። ያለቀስኩት አዝኜ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ለካ የተማርኩት በዚያ ውሸት ነው። አቶ ታደለን ስረግም የኖርኩት የአባቴን ውርደት እየበላሁ ነው።

አሁን ብዙ ነገር ተቀይሯል። ልጆቼ በተወለዱበት ሳምንት የልደት ካርድ ወጥቶላቸዋል፤ ዕድሜያቸውን ማንም በግምት አይጽፍባቸውም። እኔ ራሴ ሐዋሳ ላይ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ውድድር እጫወታለሁ። መታወቂያዬን ያዩና ያሳልፉኛል፤ ነገሩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያ አንድ ደቂቃ ለእሱ ተነፍጎ ነበር ብዬ ሁልጊዜ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ዓመት አቶ ታደለ ሞተ። አባባ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ምርኩዙን ይዞ ለቅሶ ቤት ሄደ፣ ሦስት ቀን ተቀመጠ። እኔ ከሐዋሳ ስደውል አልመጣም አልኩት። አልተጫነኝም። የሟቹ ልጆች የሕይወት ታሪኩን ለማንበብ አባታቸው መቼ እንደተወለደ ቢፈልጉ፣ በየወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት የተለያየ ሆኖባቸው አባባን እንደጠየቁት ነገረኝ።

«ምን አልካቸው?»

«እውነቱን። አብሮ አደጎቻችን አልቀዋል፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቅለት አልነበረም። ትክክለኛው ተነበበለት።»

እሱ አየሩ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ቅዳሜ ውድድር እንዳለኝ አስታውሶ አትቸኩይ አለኝ። አባቴ ይቅር ብሏል፤ እኔ አላልኩም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ መናደድ አለብን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።