የካሳዬ ሣር

ከሆስፒታል ሲደወልልኝ ጓሮ ነበርኩ። ካሳዬ የሣር ዘር በዘራበት መሬት ላይ የዘረጋውን የወፍ መከላከያ መረብ ነፋስ ገልቦት ሳስተካክል ነው ስልኩ የጮኸው። ካሳዬ አውቶብሱን ማደሪያው ዴፖ አቁሞ ሲወርድ ልቡ ቀጥ አለ አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ የቀረውን የመረቡን ጫፍ በድንጋይ አስያዝኩና ካፖርቴን ልለብስ ገባሁ።

ባሌ ካሳዬ አውቶብስ ነጂ ነበር። ለንደን፣ ሃክኒ ሰፈር ፎቅ ላይ ስንኖር፣ ከአልጋችን ሥር ለብዙ ዓመታት ያልተፈታ ሻንጣ ነበር። "አገራችን ስንገባ" ይል ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ይህን ማለት ተወ። ሻንጣውን ፈታውና እዚያው ለንደን፣ ዌምብሊ ሰፈር ይቺን ጓሮ ያላትን ቤት ገዛን። ሣር ለምን እንደፈለገ ስጠይቀው፣ "ጫማዬን አውልቄ፣ መሬት ረግጬ ሻይ ልጠጣ" አለኝ። ከዚያ ሌላ ምክንያት ሲናገር አልሰማሁም።

የመጀመሪያው ዓመት ሰኔ ሲገባ ዘራ። የገበሬ ልጅ ነው፤ ሰኔ ማለት ለእሱ ዝናብ ነው። የለንደን ሰኔ ግን ደረቅ ሆነና ግማሹን ወፍ ለቀመው፣ ግማሹን ፀሐይ ጨረሰው። እንግሊዛዊቷ ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፋ በመስከረም እንዲዘራ መከረችው፤ መሬቱ ገና ሙቀት አለው፣ ዝናቡም ይመጣል አለችው። ቤት ገብቶ "በእሸት ጊዜ ዝራ ትለኛለች እኮ!" እያለ ሲስቅ ዋለ። መስከረም ላይ ግን ዘራ፤ በቀለለት።

ከዚያ ወዲያ የዓመቱ ሥራ ታወቀ። ሚያዝያ ላይ በሣሩ ሥር የሚያድገውን፣ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ስርጉድ የሚለውን አረንጓዴ ሽበት በብረት መቧጠጫ ይፍቃል። ውኃ የሚቋጥረውን ቦታ በሹካ መሰል መቆፈሪያ እየወጋ ያስተነፍሳል። ሙቀት ሲሆን አሳጥሮ አይቆርጠውም፤ ውርጭ ሲጥል ደግሞ ማንንም አያስረግጥም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ባዩ የሚባሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ይመጡና በመስኮቱ አሻግረው ሣሩን ያዩታል።

"ካሳዬ፣ ላሚቱ መቼ ነው የምትመጣው?"

"ተሳፍራለች ጋሼ። ትራፊክ ይዟት ነው።"

"ስትደርስ ወተቱን ለእኔ አስቀድም። ጎረቤት ለጎረቤት ነው።"

እሁድ በመጣ ቁጥር ይቺው ነበረች ጨዋታቸው። ሁለቱም እንደ አዲስ ይስቁባታል።

ዘንድሮ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ በረታና ሣሩ ገለባ ሆነ። መስከረም ላይ ካሳዬ መሬቱን እንደገና ፍቆ ዘራው፤ በሳንቃ እየረገጠ አፈሩን አጠበቀና መረብ ዘረጋበት። "እስኪበቅል ማንም እንዳይረግጠው" ብሎኝ ወደ ሥራ ሄደ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነበር ማለት አልችልም። ከደጅ ተመልሶ ቁልፉን ጠይቆኛል።

መርዶው እንደተሰማ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ደረጄ ድንኳኑን በቫን ጭነው ደረሱ። ሳሎናችን ጠባብ ነው።

"ጓሮ እንትከለው እህቴ፤ ሰፊ ነው" አሉኝ።

"ጓሮ አይሆንም" አልኩ። "ዘር አለበት።"

የካሳዬ እህት ጽጌ ከለቅሶዋ ቀና ብላ አየችኝ። "ጌጤ፣ በወንድሜ ለቅሶ ሣር ታስቢያለሽ? ሰው ምን ይላል?"

እውነቷን ነበር። ለቅሶ የመጣ ሰው አስፋልት ዳር አይቆምም። ግን "የካሳዬ ነው" አልኳት።

ጋሽ ባዩ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ የጓሮውን በር ቆለፉና ወንበር ስበው በሩ ሥር ተቀመጡ።

"ፊት ደጅ የቆመችውን መኪና አንሡና እዚያ ትከሉት" አሉ። "ሰውየው ዘርቷል። በተዘራ እርሻ ላይ ድንኳን የሚተክል የየት አገር ሰው ነው?"

"ጋሽ ባዩ፣ ሲሚንቶ ላይ እኮ ካስማ አይያዝም" አሏቸው አቶ ደረጄ።

"በአሸዋ ከረጢት አስይዘዋ! ታዲያ ቫኑን ለሽርሽር ነው የያዝከው?"

ጽጌ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ድንኳኑ ፊት ለፊት ተተከለ። ግማሹ ሰው ዣንጥላ ይዞ መንገድ ዳር ቆመ፤ ያጉረመረመም አልጠፋም። ጋሽ ባዩ ከበሩ ሥር አልተነሡም። ሲጋራ ለማጨስ ወደ ጓሮ ሊወጣ የሞከረ ሁሉ ከዘራው እየተዘረጋበት ተመለሰ።

ከሠልስቱ በኋላ ሣሩ በቀለ፤ እንደ ሕፃን ጸጉር ስስ ነበር። ጽጌ መስኮቱ ጋ ብዙ ቆማ አየችው። መረቡን አብረን አነሣነው።

ለአርባው ጋሽ ባዩ ሲመጡ ሣሩ ከጣት በልጦ ጎንበስ ብሎ ነበር። ስለ ላሚቱ አልጠየቁም።

"ውርጭ ሳይቀድመው መታጨድ አለበት" አሉ። "ልጄን ልላክልሽ?"

"እኔ አጭደዋለሁ ጋሼ" አልኳቸው።

ካሳዬ አዲስ ሣር ሲያጭድ ምላጩን ከፍ አድርጎ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ጫፉን ብቻ ነበር የሚቆርጠው። ከዚያ ወዲህ ለማጨድ የሚሆኑ ደረቅ ቀናት ነበሩ። ማጨጃው ጓሮ ካለችው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው፤ ምላጩ ከፍ የሚልበትንም አግኝቼዋለሁ። ሣሩ ገና አልታጨደም።