ካልቡቡ የሰፋችው ኩራክ

ባለቤቴ ካልቡቡ ጨርቅ አትጥልም። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ያረጀ ቀሚሱንና የተቀደደ ሱሪውን እኛ ቤት ይልካል። እሷ በሦስት ማዕዘን እየቆረጠች፣ ቀዩን ከጥቁር፣ ቢጫውን ከሰማያዊ እያጋጠመች ኩራክ የሚሉትን የቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ትሰፋለች። የሷን ኩራክ ያልለበሰ ልጅ መንደራችን አት-ባሺ ውስጥ ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም።

እኔ የከሰል መኪና ሹፌር ነበርኩ። ክረምት ላይ በረዶው መንገዱን ሲዘጋው ሁለት ሦስት ቀን ቤት እውላለሁ። ያን ጊዜ ካልቡቡ ምድጃውን አንድዳና ልጆቹን ዙሪያዋን ሰብስባ ትቀመጣለች። ወንዱ ልጃችን ሙካሽ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል፤ እህቱ ሶኑን ደግሞ ስፌቱን እያጣመመች ትሰፋለች፤ እናታቸው እየፈታች ታስተካክላለች። ሲስቁ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«ና ቁጭ በል፣ አንድ ቁራጭ እንኳ ስፋ» ትለኛለች።

«ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ? ደግሞ ይሄ ድሪቶሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አንተስ መቼ አለቅህ? ስጠግንህ አይደል እንዴ የምኖረው» ትላለች፤ ልጆቹ ይንከተከታሉ።

ምሳ ኡማች ነው። በእርጥብ እጇ ዱቄቱን ፍርፍር እስኪል ታሸውና ሽንኩርትና ጮማ በተቁላላበት ውሃ ላይ ትበትነዋለች፤ አንድ ጭልፋ እርጎ ታክልበታለች፤ አለቀ። ልጆቹ ከአንድ ገበታ እየተሻሙ ይበላሉ። እኔም በልቼ እነሳና መኪናዬን ለማየት እወጣለሁ። የቆመ መኪና ምኑ እንደሚታይ እንጃ። ብቻ ሥራ ያለው ሰው መምሰል ደስ ይለኝ ነበር።

ከሰፋቻቸው ሁሉ አንዱ ግን ለብቻው ነው። ዘጠኝ ክረምት ፈጅቷል። የጎረቤት ጨርቅ አልገባበትም፤ ሁሉም የኛው የቤታችን ልብስ ነው። ሲያልቅ ሳጥኑ ላይ ከተቆለለው ብርድ ልብስ ሁሉ በላይ አስቀመጠችው። «ይሄ የመጀመሪያው የልጅ ልጃችን መጠቅለያ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አለች። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሙካሽ አደገና አገባ። የሚስቱ አባት ኦሙርኩል ከተራራው ማዶ የሚኖር ባለ ብዙ ከብት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ በረዶ እየጣለ፣ ሳይነግረን ከች አለ። በጎቻችን የአንድ ቀን መንገድ ርቀው እረኛ ዘንድ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ቁራጭ ሥጋ የለም። ካልቡቡን ወደ ጓዳ ጎትቼ «ከጎረቤት በግ ላምጣና ልረድ» አልኳት።

«ሰውየው ብርድ አንጀቱ ገብቷል። አንተ በግ ስትጎትት በረሃብ ይሙት? መጀመሪያ ትኩስ ነገር ይቅመስ።»

ኡማች አቀረበችለት። ለልጄ አማት፣ የዱቄት ሾርባ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኦሙርኩል ጨልጦ ጠጣና ግንባሩን ጠረገ፤ «ድገሚኝ እስቲ እህቴ» አለ። «እናቴ ጥርስ የላትም፤ ይሄን ብታገኝ እንዴት ደስ ይላት ነበር።» የሰውየው አነጋገር ከልቡ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ግን የሚያሽሟጥጠኝ መስሎኝ ፊቴ ነደደ።

የተራራው መተላለፊያ በበረዶ ሳይዘጋብኝ ልሂድ ብሎ ብድግ አለ። በኛ ዘንድ የልጅ አማት ትከሻው ባዶ ሆኖ አይሸኝም፤ ካፖርት ይደረብለታል። አዲስ ካፖርት ደግሞ ቤት የለኝም። እጄ ከጭንቅላቴ ቀደመ፤ ሳጥኑ ላይ ከተቆለለው የላይኛውን ስቤ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት።

«ኧረ አሳንጋዚ፣ ይሄ የቤት ዕቃ ነው፤ ተው» አለ በስሜ ጠርቶኝ።

«ላንተ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

ካልቡቡ ጭልፋ እንደያዘች የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ቀረበችና ኩራኩን ከትከሻው አንስታ አጠፈችው፤ በገመድም አሰረችለት። «እማማን አልብስልኝ» አለችው። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ መርፌ አላነሳችም። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። የተወጋ እንደማይረሳ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን የወጋሁት ሰው ያለ አልመሰለኝም።

በመከር የልጃችን ሚስት ማርገዟ ተሰማ። ካልቡቡ ሊጥ እያሸች «ሂድና ኩራኩን ለምነህ አምጣልኝ» አለች። «ጥሩ ካፖርት በምትኩ ያዝላቸው። ለልጁ የተሰፋ ነው በላቸው፤ ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

«እኔው ያለበስኩትን ሰው እኔው ልግፈፈው? ምን ይሉኛል?»

«እነሱ የሚሉህን አላውቅም። እኔ ያልኩህን ግን ሰምተሃል።»

ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለት ጊዜም በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ስለ ከብትና ስለ ሣር አውርቼ ተመለስኩ። የኦሙርኩል እናት ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። ምድጃው ጥግ ተኝተው ኩራኩን እስከ አገጫቸው ለብሰውታል። በጣታቸው ስፌቱን እየዳሰሱ «የሰፋችው እጅ ይባረክ» አሉኝ። እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ለካልቡቡ «በሚቀጥለው» አልኳት። በሁለተኛው ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታኝ ምድጃውን ቆሰቆሰች።

ልጁ ሊወለድ ወር ሲቀረው ቆረጥኩ። ገበያ ወጥቼ ባለ ፀጉር ካፖርት ገዛሁ፤ የምናገረውንም መንገድ ላይ ደጋግሜ አጠናሁ። ሳልደርስ ነው መርዶውን የሰማሁት፤ አሮጊቷ አርፈዋል። ካፖርቱን ታቅፌ ለቅሶ ደረስኩ።

ከቀብር ስንመለስ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ መቀስ ይዘው ተቀምጠዋል። ዕድሜ የጠገበ ሰው ሲሞት በኛ ልማድ ለቀስተኛው ቁራጭ ጨርቅ ይሰጠዋል፤ የልጆች ልብስ ላይ ይሰፋል፣ የሟቹ ዕድሜ እንዲተርፋቸው። አዲስ ጨርቅ ተቆርጦ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ «የለበሱትን ነው የምንፈልገው» ብሎ ለምኗል። አንዷ ኩራኩን ጫፉን ይዛ ትወጥራለች፤ ሌላዋ ትቆርጣለች። ዘጠኝ ክረምት በአንድ ከሰዓት አለቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ መጮህም አልቻልኩም። ምን ብዬ? ማንም አልበደለኝም። ካፖርቱ ክንዴ ላይ ከበደኝ።

የኦሙርኩል ሚስት መጥታ አንድ ቁራጭ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠች። «ለምንጠብቀው ልጅ ነው። ዕድሜያቸውን ይስጠው» አለችኝ። አሜን አልኩ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለካልቡቡ ነገርኳትና ቁራጯን ሰጠኋት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም። መስኮቱ አጠገብ ወስዳ ገለበጠቻት፤ ስፌቱን በጥፍሯ ነካካችና ወደኔ ዞረች።

«የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አየሁት። የደበዘዘ ሰማያዊ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለበት። «የሶኑን ቀሚስ» አልኩ። ቁራጯን ወደ ዓይኔ አስጠጋችልኝ። «የኔ ሸሚዝ ይሆን?» አልኩ። ዘጠኝ ክረምት እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ግን ከዚያ ኩራክ ላይ አንዲት ጨርቅ እንኳ የማን እንደሆነች አላውቅም። ምነው ያኔ እግሬ በተሰበረና ቁጭ ባልኩ።

«የሙካሽ ነው» አለች። «ያ ትኩሳት ለቆት የተነሳ ቀን ያለበስኩት ሸሚዝ። እሱ ራሱ ነው የሰፋት፤ እያት፣ እዚህ ጋ ክሩ በዝቶበት ቋጥሮታል።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ቤቱን ለማያውቅ እንግዳ እንደሚነገረው፣ ቀስ ብላ፣ በትህትና አስረዳችኝ።