የባለ ቦቲዋ ዳክዬ ጀርባ

ጠይም ናት፤ እንዲያውም ጠቆር ትላለች። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ግን ሁሉም «ቀዮ» ነው የሚላት። በልጆቹ መጽሐፍ ላይ ቀይ ቀለም የሚያርፍበትን ቦታ ከስስ ላስቲክ ላይ በምላጭ ቆርጣ የምታወጣው እሷ ናት። የማሽኑ ሠራተኛ በቀልድ ያወጣላት ስም ተጣብቆባት ቀረ።

መጽሐፎቹ የተወለዱት ከትርፍራፊ ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ የእህቷ ባል፣ የሳሙና መጠቅለያ ሲያትም ከወረቀቱ ጠርዝ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ትተርፈው ነበር። ከቀለሙም ቀዩ ይተርፈዋል። መጣል የማይሆንለት ሰው ነውና ቁራጮቹን አጠፋቸው፣ በክር ሰፋቸው፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ጠርቶ «ቀይ ነገር ያደረገ እንስሳ ሣልልኝ» አለው። ሽማግሌው ዳክዬ ሣለና ቀይ ቦቲ አጠለቀላት። በቃ፣ ይኸው ነው። መጽሐፏ ከረሜላ በሚሸጥበት ሱቅ፣ በከረሜላ ዋጋ ተሸጠች። ባለ ቦቲዋ ገበያ ሄደች፣ ባለ ቦቲዋ ጉንፋን ያዛት፣ ባለ ቦቲዋ ዝናብ መታት እየተባለ አንዷ ሌላዋን እየጎተተች መጣች። እናቶች ሳይሳሱ ይገዟታል፤ ልጆችም ሲቀዷት ማንም አይቆጣም።

ቀዮን ከልጅነቷ ያሳደጓት እህቷና የእህቷ ባል ናቸው። አብልተው፣ አልብሰው፣ አስተምረው። ትምህርቷን ስትጨርስ ምላጩን ያስጨበጣት እሱ ነው። «እስኪ ለጊዜው» ነበር ያላት። ያ «ለጊዜው» መስኮት የሌለው የጓሮ ክፍል ውስጥ፣ ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ ወገቧን እስክትይዝ ድረስ ቆየ። ቀኑን ሙሉ በቀይ ላይ ተክላው የዋለችውን ዓይን ቀና ስታደርግ ነጩ ግድግዳ አረንጓዴ ይመስላታል። «ሌላው ሰው አረንጓዴ ለማየት ሜዳ ይወጣል» ትላለች፣ «እኔ ቀና ማለት ይበቃኛል።» ሠራተኛው ይስቃል። እሷም ትስቃለች።

የምትፈልገው ጥቁሩን መስመር ነበር። ዳክዬዋ ወዴት እንደምትዞር፣ አንገቷን እንዴት እንደምትሰብር የሚወስነውን መስመር። እሱ ግን የሽማግሌው ነው፤ የእሷ ድርሻ ቦቲው።

አንድ ክረምት የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የእህቷ ባል «መጽሐፉ ካልደረሰ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ሲል ቀዮ ሰማች። አንጀቷ አልቻለም። የድሮ ሥዕሎች ሁሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ ፎቶ ተነሥተው በካርቶን ተከማችተዋል፤ የትኛው የት እንዳለ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ከአንዱ መጽሐፍ ዳክዬዋን፣ ከሌላው በሩን፣ ከሌላው ደመናውን ቆርጣ በሙጫ አገጣጠመች። ወደ ግራ የምታየዋ ዳክዬ ላስቲኩ ሲገለበጥ ወደ ቀኝ አየች። መጽሐፏ ወጣች፤ ማንም አልነቃም።

«አተረፍሽኝ፣ ልጄ» አላት ሽማግሌው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ዓመት ሳይሞላ ግን ሥራው በቃኝ ብሎ ቤቱ ገባ። ቀዮ ይህን ጊዜ እየጠበቀች፣ ቤቷ ተቀምጣ ከዳር እስከ ዳር በራሷ እጅ አንድ መጽሐፍ ሥላ ነበር። ይዛው ማተሚያ ቤቱ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ እስኪ ይቺን እያት።»

የእህቷ ባል መነጽሩን አጥልቆ ቀስ ብሎ ገለጠው። «እጅሽ ጥሩ ነው» አላት። «እውነቴን ነው፤ ለማስደሰት አይደለም።»

«እንግዲያው በሽማግሌው ቦታ እኔ…»

«የምን ቦታ? ያቺን የክረምቷን መጽሐፍ ከድሮ ቁራጭ አይደል እንዴ የሠራሻት? ሽማግሌው ነገረኝ፤ ሊያመሰግንሽ ብሎ። እኔ ራሴ እኮ አልነቃሁም! ካርቶኑ ሙሉ ዳክዬ እያለሽ ሠዓሊ ምን ይሠራልናል?»

መጽሐፏን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰላት። መቆጣት አምሯት ነበር፤ በምን ትቆጣ?

ወደ እህቷ ሄደች። «እትዬ፣ ሥራውን ልተው ነው።»

«ትተሽ ወዴት ልትሄጂ?»

«እንጃ። የምሥልበት ቦታ።»

እህቷ እጇን ስባ ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ በጥፍሯ ትልጥላት ጀመር፤ ልጅ ሳለች ታጥባት እንደነበረው። «የካርቶኑን ነገር ከአንቺ በቀር ማን ያውቅለታል? ያ ሁሉ ሠራተኛ በዚች ዳክዬ ነው የሚያድረው። አንቺስ ያደግሽው በሷ አይደል? ደግሞ ማን ከለከለሽ፣ እቤትሽ ሣዪ፣ የኔ ቆንጆ።»

ክፉ ቃል ብትናገራት ኖሮ በሩን አላትማ ትወጣ ነበር። እህቷ ግን ጣቷን ስማ ሰደደቻት። ቀዮም በማግሥቱ የጓሮ ክፍሏ ውስጥ ተገኘች።

የዚያ ሰሞን መጽሐፍ ባለ ቦቲዋ አክስቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ነው። በመጨረሻው ገጽ ዳክዬዋ ከቤት ወጥታ መንገድ መጀመር አለባት። ቀዮ ካርቶኖቹን ሁሉ አገላበጠች። ፊቷን የሰጠች አለች፣ በጎን የምታይ አለች፤ ጀርባዋን የሰጠች ግን አንዲት የለችም። ሽማግሌው አንድም ቀን ከኋላዋ ሆኖ አልሸኛትም ማለት ነው። ላስቲክ መገልበጥ ደግሞ ግራን ቀኝ ያደርጋል እንጂ ፊትን ጀርባ አያደርግም።

በሩን ገርበብ አድርጋ ብዕሩን አነሳች። ጭራዋ ቀና ያለ፣ አንገቷ ወደ መንገዱ የተቀሰረ፣ አንድ እግሯ ከመሬት የተነሳ ዳክዬ ሣለች። ዞር ብላ እንኳ የማታይ። ስትጨርስ ከሌሎቹ ቁራጮች ጋር በሙጫ አገጣጠመቻት።

የታተመውን ገጽ ይዞ የእህቷ ባል ራሱ መጣ።

«ይቺን ከየት አገኘሻት?»

«እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። የመጣው የሣላትን ሰው ፍለጋ ሳይሆን ቁራጭ ፍለጋ እንደሆነ ግን ፊቱ ላይ አየች። «ከካርቶን» አለች።

«እንዴት እስከ ዛሬ ተደብቃ ኖረች! ጎሽ። በደንብ አስቀምጫት፤ ለሚቀጥለውም ትሆነናለች።»

ከዚያ ወዲህ በወጡት መጽሐፎች ሁሉ ባለ ቦቲዋ በመጨረሻው ገጽ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች፤ ያው ጭራ፣ ያው የተነሳ እግር። ቀዮ ሌላ እንድትሥል የጠየቃት የለም። አንዷ ለሁሉም በቃች፤ እሷም ለእያንዳንዷ ቀዩን ቦቲ ትቆርጣለች።